ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አቤ ሐይቅ፦ ወንዛችን ከየት ይነሣል፣ የትስ ያበቃል?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል።)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በጂኦግራፊ ላይ ነው። የምናነሣውም ጥያቄ አንድ ወንዝ ከየት ይነሣል፣ የትስ ያበቃል የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ሩቅ አገር አንሄድም። ጉዟችንን የምንጀምረው ከአዲስ አበባ መሀል፣ ከአራዳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ነው።

ተማሪዎች፣ የኢትዮጵያን ካርታና እርሳስ ካላችሁ አጠገባችሁ አድርጉ። መምህራንም ካርታውን ሁሉም ተማሪ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ስቀሉልን። ካርታ የሌላችሁ አድማጮች አትቸገሩ፤ የቦታዎቹን ስም በቅደም ተከተል እየጠራን አብረን እንወርዳለን።

በዚህ ዝግጅት መጨረሻ ሦስት ነገሮችን ልትመልሱልን ይገባል። አንደኛ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል? ሁለተኛ፣ ብዙ ገባር ያለው ወንዝ መነሻው የቱ ነው የሚባለው በምን ተለይቶ ነው? ሦስተኛ፣ ይህ ውሃ ባሕር ሳይደርስ የሚቀረው ለምንድን ነው፤ ባሕር አለመድረሱስ እኛን ምን ያገባናል?

(አጭር ሙዚቃ።)

በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የተሻገረ ሰው የቦታውን አቀማመጥ አይረሳውም። ከፒያሳ በኩል መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ድልድዩን ካለፉ በኋላ ደግሞ ዳገት ይሆናል። ድልድዩ ያረፈው በሁለት ከፍታዎች መካከል ባለ ሸለቆ ላይ ነው። ስሙን ያገኘው የሐረር ገዥ ከነበሩት፣ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት ከራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ነው። ሸለቆውን የሠራው ግን ውሃው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ፣ ድንጋዩን እየፋቀ፣ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ያንን ገደል ቆፍሮታል።

አሁን ድልድዩ ላይ ቆመን ፊታችንን ወደ ሰሜን እናዙር። ውሃው የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ከቀጨኔ። ቀጨኔ በሸክላ ሥራ ጥበበኞቹ የታወቀ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርዱ ትንንሽ ጅረቶች ከቀጨኔ ጀምረው ይሰባሰቡና በአፍንጮ በር በኩል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይደርሳሉ። በበጋ ቀጭንና ጥቁር ሆኖ የምናየው ወንዝ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደፍርሶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ድምፁ ከሩቅ እየተሰማ ይወርዳል።

ፊታችንን ወደ ደቡብ ስናዞር ደግሞ የሚሄድበትን አቅጣጫ እናያለን። በእሪ በከንቱ ገደል አድርጎ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ይወርዳል። እዚያ ባንተይቀጡ በሚል ስም ይታወቃል። ከዚያም እንደ እሱ ከእንጦጦ የመጡት ግንፍሌና ቀበና ይቀላቀሉታል። ተደባልቀው በቦሌ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዱና ትልቁ አቃቂ ይሆናሉ።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው የድልድይ ስም ሲጠራ ይውላል። ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ግንፍሌ ድልድይ እያለ ሰፈር በድልድይ ያመለክታል። ይህ የሆነው ከተማዋ ከተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ በመመሥረቷ ነው። ውሃው ሁሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ሰዉ ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከምዕራብም ወደ ምሥራቅ መሻገር አለበት። ስለዚህ የከተማዋ ታሪክ ከወንዞቿ ተለይቶ አይነገርም። እቴጌ ጣይቱም ከእንጦጦ ወርደው ለከተማዋ መመሥረት ምክንያት የሆኑት በፍልውሃው ምክንያት ነው።

(አጭር ሙዚቃ።)

አሁን ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ እንውጣ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በማርያምና በራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት፣ በባሕር ዛፉና ከላይ ሆኖ ከተማዋን ለማየት በሚመች ከፍታው ነው። በጂኦግራፊ ትምህርት ግን እንጦጦ ሌላ ትልቅ ሥራ አለው፤ ውሃ ይከፍላል።

እንጦጦን እንደ ቤት ጣሪያ አስቡት። ጣሪያው ጫፍ ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ በፊት ለፊት፣ ግማሹ በጓሮ ይፈስሳል። እንጦጦም ላይ እንዲሁ ነው። በደቡቡ ተዳፋት የወረደው ዝናብ በቀጨኔ፣ በቀበናና በሌሎቹ ጅረቶች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ወንዝ ይሄዳል። በሰሜኑ ተዳፋት የወረደው ደግሞ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርድና በሲቢሉ ወንዝ በኩል ሙገር ይገባል። ሙገር የዓባይ ገባር ነው።

እዚህ ላይ ካርታ የያዛችሁ ተማሪዎች ሁለት መስመር አስምሩ። የመጀመሪያውን ከእንጦጦ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በሙገር አድርጋችሁ ወደ ዓባይ ሸለቆ አውርዱት። ያ ውሃ ጉባ ላይ በታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ያልፋል፤ ሱዳን ይገባል፤ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ሁለተኛውን መስመር ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙሩት። ያኛው አፋር ምድር ላይ፣ ከጂቡቲ ጋር በምንዋሰንበት ቦታ፣ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ባሕር አይደርስም።

ከአንድ ደመና የወረዱ፣ በጥቂት እርምጃ ብቻ የተራራቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዱ ሦስት አገር አቋርጦ ባሕር ሲገባ፣ ሌላው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ይቀራል። የጂኦግራፊ ሊቃውንት ውሃው ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብበትን ምድር በሙሉ የዚያ ወንዝ ተፋሰስ ይሉታል። እንጦጦ የዓባይና የአዋሽ ተፋሰሶች ድንበር ነው።

(አጭር ሙዚቃ።)

ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን እንለፍ። የአዋሽ መነሻ የት ነው? የእንጦጦ ውሃ አዋሽ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ አዋሽ የሚነሣው ከእንጦጦ ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። አንድ ትልቅ ወንዝ ብዙ ገባሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ገባርም የራሱ ምንጭ አለው። ስለዚህ ከምንጮቹ ሁሉ መርጦ ይህ ነው መነሻው ለማለት መለኪያ ያስፈልጋል። አንዱ መለኪያ ርቀት ነው፤ ከወንዙ ማብቂያ ተነሥተን በገባሮቹ ሽቅብ ስንወጣ ከሁሉ የሚርቀው ምንጭ መነሻ ይሆናል። ሌላው መለኪያ የውሃ መጠን ነው፤ ከሁሉ ብዙ ውሃ የሚያመጣው ገባር ዋናው ይባላል። ሦስተኛው የሕዝብ ልማድና እምነት ነው፤ ሰዉ ከጥንት ጀምሮ መነሻ ብሎ ያከበረው ቦታ አለ። ለምሳሌ የዓባይ መነሻ ሲባል ሁላችንም በጎጃም ሰከላ ያለውን ግሽ ዓባይን እናስባለን። ጣና ሐይቅ ውስጥ የሚገቡ ሌሎችም ወንዞች አሉ፤ የዓባይ ምንጭ ተብሎ ሲከበር የኖረው ግን ግሽ ነው።

አዋሽን ስንመለከት መነሻው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ያለው ከፍተኛ ቦታ ነው። እዚያ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ይነሣና የበቾን ሜዳ አቋርጦ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል። ከዚያ እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተፋሰሱ ደግሞ 110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። የራስ መኮንን ድልድዩ ወንዝ ከዚህ ትልቅ ተፋሰስ ውስጥ ካሉት ብዙ ገባሮች አንዱ ነው። ትንሽ ቢሆንም በመንገዱ ላይ ከሁሉ ብዙ ሕዝብ የሚያገኙት እሱና ወንድሞቹ የአዲስ አበባ ወንዞች ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ።)

አሁን ከድልድዩ ሥር ከሚያልፈው ውሃ ጋር እስከ መጨረሻው እንጓዝ።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለው አባ ሳሙኤል ነው። እዚህ ትልቁ አቃቂና በምዕራብ በኩል የሚመጣው ትንሹ አቃቂ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል በሀገራችን ቀደምት ከሆኑት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሷል። የግድቡ ሐይቅ ከከተማዋ የሚመጣው ደለልና ቆሻሻ የሚከማችበት ቦታ በመሆኑም እምቦጭ በርክቶበታል።

ከአባ ሳሙኤል በታች አቃቂ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። የሚቀላቀለውም አዋሽ መልካ ቁንጥሬን ካለፈ በኋላ ነው። በመልካ ቁንጥሬ ጥንታዊ ሰዎች ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የሠሯቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ቦታው በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ቀጥሎ ቆቃ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ። ከግድቡ በታች ውሃው ወደ ሰው ቤትና ወደ ማሳ ይገባል። አዳማ ከተማ የምትጠጣውን ውሃ የምታገኘው አዋሽን አጣርታ ነው። ወንጂ የሸንኮራ አገዳዋን የምታጠጣውም በአዋሽ ነው፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንድ ኩባንያ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በታች በመተሐራ ሌላ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አለ። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወንዙ ከገደል ይወረወርና ፏፏቴ ይሆናል።

አድማጮቻችን፣ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆመን ያየነው ውሃ፣ ተጣርቶ አዳማ ላይ በቧንቧ ይጠጣል፤ ወንጂና መተሐራ ላይ አገዳ ያበቅላል። ስኳሩም ተመልሶ ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ይገባል።

ከአዋሽ ከተማ በታች አፋር ክልል ውስጥ እንገባለን። ዝናቡ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። ከእንግዲህ አዋሽ በራሱ አካባቢ ከሚዘንበው ዝናብ የሚያገኘው በጣም ትንሽ ነው፤ የሚኖረው ከደጋው በሚመጣለት ውሃ ነው። ከሸዋና ከወሎ ተራሮች የሚወርዱ ገባሮች ያግዙታል። የኮምቦልቻው ቦርከና፣ እንዲሁም ሚሌና ሎግያ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በአሚባራ፣ በገዋኔና በዱብቲ ጥጥና ሌሎች ሰብሎች በመስኖ ይለማሉ፤ የአፋር አርብቶ አደሮችም ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን የሚያጠጡት ከዚህ ወንዝ ነው።

በታችኛው አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ሀዳር አለ። በቅሪተ አካሏ የምትታወቀው ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው፤ ኅዳር 1967 ዓ.ም.። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ጥንት በዚያ አካባቢ የነበሩት ወንዝና ሐይቆች በየጊዜው አፈር እየደረቡባት ቀበሯት፤ ደለሉም አጽሟን ጠበቀልን። ወንዝ የተሰጠውን ሁሉ እንዴት አድርጎ እንደሚያስቀምጥ ከድንቅነሽ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ከተንዳሆ ግድብ በኋላ አዋሽ ወደ አሳይታ ይዞራል። በጥንታዊው የአውሳ ሱልጣኔት ምድር አረንጓዴ ሜዳ ፈጥሮ ገመሪና አፋምቦን ከመሳሰሉ ሐይቆች ጋር ይገናኛል። በመጨረሻም አቤ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። አቤ ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ላይ ያለ ጨዋማ ሐይቅ ነው። በዳርቻው ፍል ውሃ የገነባቸው የኖራ ድንጋይ ሹል ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ፍላሚንጎ ወፎችም ይሰማሩበታል። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከዚህ ድረስ ውሃው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል።

(አጭር ሙዚቃ።)

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደርሰናል። ከአቤ ሐይቅ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ያለው ርቀት ከተጓዘው መንገድ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው። ታዲያ አዋሽ ይህን ሁሉ መጥቶ ለምን ባሕር ሳይገባ ቀረ?

ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ታላቁ የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት እየተለጠጠ፣ መሀሉ እየሰመጠ የተፈጠረ ነው። የአፋር ዝቅተኛ ምድር የዚህ መስመጥ ውጤት ነው። አቤ ሐይቅ ያለው በዙሪያው ከፍ ያለ መሬት ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው፤ ውሃው ሊወጣበት የሚችል መውጫ የለውም። ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ናት። በዚያ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ጥቂት ሲሆን፣ ሙቀቱ ግን ከሐይቁ ብዙ ውሃ ያተንናል። ወንዙ የሚያስገባውን ፀሐይ ታወጣዋለች። ሐይቁ ሞልቶ ግድግዳውን ተሻግሮ እንዳይፈስስ የሚያደርገው ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ወንዝ በዓለም ላይ አዋሽ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ረጅሙ ወንዝ ቮልጋ ካስፒያን ውስጥ ያበቃል፤ ካስፒያን ባሕር ቢባልም ከውቅያኖስ ጋር አይገናኝም። ዮርዳኖስ ሙት ባሕር ውስጥ ይቀራል። የደቡባዊ አፍሪካው ኦካቫንጎ በቦትስዋና በረሃ ውስጥ ረግረግ ሆኖ ያበቃል። የእኛው ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ይቆማል።

የአዋሽን ማብቂያ የአውሳ አፋሮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ አገራቸው ነው። ለውጭው ዓለም ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በትክክል አልታወቀም ነበር። ወንዙን እስከ መጨረሻው ተከትሎ ለዓለም የመዘገበው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ቴሲጀር የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በ1902 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነበር። በ1926 ዓ.ም. አዋሽን ተከትሎ ሄደ፤ የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ ሰጥተውት አገራቸውን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ደረሰ። ያለ ሱልጣኑ ፈቃድና ያለ አፋሮቹ መሪነት ጉዞው የሚታሰብ አልነበረም።

(አጭር ሙዚቃ።)

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ወደ አንድ ቁም ነገር የሚያመጣን ነው። በደንብ አድምጡን።

ብዙ ሰው ወንዝ ቆሻሻን ይወስዳል ብሎ ያምናል። ወንዝ ውስጥ የጣልነው ነገር ከዓይናችን ስለሚጠፋ ከሀገር የወጣ ይመስለናል። አዋሽ ግን ባሕር የለውም። ከራስ መኮንን ድልድይ የተጣለ ነገር የሚሄድበት ውቅያኖስ የለም። የሚሄደው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ወደ ቆቃ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ አሚባራና ወደ አሳይታ ነው። እነዚህ ሁሉ የእኛ ሰዎች የሚኖሩባቸው ቦታዎች ናቸው።

ነገሩን በሳይንስ ዓይን እንየው። ውሃ ይተናል፤ ውሃው የተሸከመው ግን አይተንም። ፕላስቲክ አይተንም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮም አይተንም። እርሳስ ወይም ሌላ ከባድ ብረት አይተንም። ስለዚህ መውጫ በሌለው ተፋሰስ ውስጥ የገባ መርዝ አንድ ቦታ ላይ መቀመጡ የግድ ነው። ከፊሉ በአባ ሳሙኤልና በቆቃ ግድቦች ሥር ከደለሉ ጋር ይዘቅጣል። ከፊሉ በአቃቂ ወንዝ ዳር በሚለሙ የአትክልት ማሳዎች ላይ ይፈስሳል። ሰላጣው፣ ቆስጣውና ጎመኑ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። በአቃቂ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን አግኝተውባቸዋል። ይህም ማለት ድልድዩ ሥር የጣልነው ነገር ከገበያ በገዛነው አትክልት ሆኖ ቤታችን ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ሌላም አለ። የታችኛው አዋሽ ሰው በክረምት የደጋውን ጎርፍ ይቀበላል፤ በበጋ ደግሞ የደጋውን እጥረት ይቀበላል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። የደጋው ተዳፋት ዛፍና ሣር ሲያጣ ዝናቡ መሬት ውስጥ የሚሰርግበት ጊዜ ያጣል፤ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ጎርፉ ይበረታል፤ በበጋ የሚቀረው ምንጭ ግን ይደርቃል። በመስኖ የሚወሰደው ውሃ ሲጨምርና ድርቅ ሲደጋገም ደግሞ አቤ ሐይቅ ይሸሻል። እንጦጦ ላይ የተተከለ ሀገር በቀል ዛፍ፣ ጽድ ወይም ኮሶ፣ ለአሳይታ ሰውም የተተከለ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

መንግሥት ይህን ተረድቶ አንዳንድ ሥራ ጀምሯል። አዋሽ በሀገራችን በተፋሰስ ደረጃ የሚመራ ባለሥልጣን የተቋቋመለት የመጀመሪያው ወንዝ ነው፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተመሠረተው በ1954 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን ለማልማት የታቀደ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ወንዝ የሚበክል ግለሰብና ድርጅት የሚቀጣበትን ደንብ አውጥቷል። እነዚህ መልካም ጅምሮች ናቸው። ይሁን እንጂ የወንዝ ዳርቻ ቢያምርም ውሃው ካልጸዳ ሥራው ግማሽ ነው። ዋናው ሥራ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ እንዳይገባ ማድረግ ነው፤ ለዚህም የፍሳሽ መስመር፣ ማጣሪያና የማያቋርጥ ቁጥጥር ያስፈልጋል።

እያንዳንዳችንስ ምን እናድርግ? የመጸዳጃ ቤታችን ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ እንወቅ፤ ወደ ወንዝ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተመካክረን ለወረዳችን እናመልክት። የተቃጠለ ዘይት የሚወጣው ጋራዥ ያለን ሰዎች ዘይቱን በበርሜል እንያዝ። በድልድይ ላይ ስናልፍ የያዝነውን የውሃ ፕላስቲክ ወደ ታች አንወርውር። ልጆቻችንም አንድ ሰው ሲወረውር ካዩ፣ በትሕትና «ጋሼ፣ ይህ እኮ አፋር ይደርሳል» ብለው መናገር እንዲችሉ እናስተምራቸው።

(አጭር ሙዚቃ።)

አሁን የክለሳ ጊዜ ነው። ጥያቄውን ካነበብንላችሁ በኋላ ጥቂት እንጠብቃለን፤ መልሱን ለራሳችሁ ወይም አጠገባችሁ ላለው ሰው ተናገሩ።

አንደኛ፦ ከእንጦጦ ሰሜናዊ ተዳፋት የሚወርድ ውሃ በየትኛው ገባር ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል?

(አጭር ዝምታ።)

መልሱ ሙገር ነው። ወደ ሙገር የሚያደርሰው ሲቢሉ ነው ያላችሁም ልክ ናችሁ።

ሁለተኛ፦ የአንድን ወንዝ መነሻ ለመለየት የሚያገለግሉ ሁለት መለኪያዎችን ጥቀሱ።

(አጭር ዝምታ።)

ርቀትና የውሃ መጠን። የሕዝብ ልማድ ያላችሁም ጎበዞች ናችሁ፤ ግሽ ዓባይን ምሳሌ ማድረግ ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፦ አዋሽ ባሕር የማይደርስባቸው ሁለት ምክንያቶች ምንድን ናቸው?

(አጭር ዝምታ።)

አንዱ የአፋር ምድር ሰምጦ መውጫ የሌለው መሆኑ፣ ሌላው የሙቀቱና የትነቱ ብርታት ነው።

ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ እንሰጣችኋለን። በያላችሁበት ለመኖሪያችሁ ቅርብ የሆነውን ወንዝ ወይም ጅረት ምረጡ። ስሙን፣ የሚነሣበትን ቦታ፣ የሚገባበትን ወንዝና በመጨረሻ የሚደርስበትን ሐይቅ ወይም ባሕር ጽፋችሁ ላኩልን። ካላወቃችሁት አያቶቻችሁን፣ የአካባቢ ሽማግሌዎችን፣ የጂኦግራፊ መምህራችሁን ጠይቁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምራችሁ መልሱ፦ ከእኛ በታች ያንን ውሃ የሚጠጣው ማን ነው? ይህን መመለስ የቻለ ተማሪ የዛሬውን ትምህርት ገብቶታል፤ በወንዙ ላይ ያለውን ኃላፊነትም አውቋል።

በሚቀጥለው ሳምንት የላካችኋቸውን የወንዞች ስም ይዘን እንመለሳለን። ደህና ሰንብቱ።

(የመለያ ሙዚቃ።)